ገለባ እስኪመስል

ኅዳር 14

የባጃጅ ሻንሲ። የአንድ ግቢ በር። አንገቱ የተሰበረ አካፋ። ሌላ ምን ሠራን ዛሬ? ምንም።

እጅጉ ያው እጅጉ ነው። ወንድሜ የበየደውን ሁሉ ደጃፍ ላይ ያለው በርሜል ውስጥ ካልነከረ ሥራው ያለቀ አይመስለውም። ጭሽሽሽ... ድምፁን ይወደዋል። ደንበኛውም ይወደዋል። ብረቱ «ውሃ ጠጣ» ይላሉ፣ ተደስተው ይሄዳሉ። አባባ ማረሻ ሲሠሩ ውሃ ያጠጡት ስለነበር እኛም ሁሉን ነገር እናጠጣለን። የበር ብረት ለስላሳ ነው፤ ቢነከርም ባይነከርም ለውጥ የለውም። ስለዚህ ዝም እላለሁ።

ከሰዓት እማማ አልጣሽ ከቡሬ እኛ ጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ መጡ። ኑግ መጭመቂያ አላቸው። ያን ኑጉን እየገፋ የሚጨምቀውን ጠመዝማዛ ዘንግ፣ እስክሩውን፣ በማዳበሪያ ጠቅልለው፣ በሚኒባስ ጣራ ጭነው፣ ሁለት ወጣት አሸክመው ገቡ። ጥርሱ አልቋል፤ ኑጉን በደንብ አይጨምቅም።

«ፋጉሎው ዘይቱን ይዞብኝ ይወጣል ልጆቸ። ነገ ጾም ይገባል። ሰው ዘይት ዘይት ይለኛል» አሉ።

«በአንድ ቀን እማማ!» አለ እጅጉ። ለእሱ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ነው።

ሲሄዱ ዘንጉን በፋይል፣ በብረት መሞረጃው፣ ነካሁት። ፋይሉ ሳይነክሰው ተንሸራተተ። ይኼ የበር ብረት አይደለም...

ኅዳር 15

ጠዋት ብርድ ነበር። ዘንጉ ሲነኩት እጅ ይቆርጣል።

«እናሙቀው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ዘንጉን። እንዲህ ቀዝቅዞ ከበየድከው ከሥሩ ይሰነጠቃል።»

«ኮሌጅ!» አለኝ። ሊያበሽቀኝ ሲፈልግ ስሜ ይኼ ነው። «ኤሌክትሮዱ ራሱ እሳት አይደለም እንዴ? ሌላ ምን ማሞቂያ ትፈልጊያለሽ?»

ጥርሱን የሚሞላበትን ጠንካራ ኤሌክትሮድ ከየት አወጣው? መሬት ላይ ከተቀደደ ካርቶን ውስጥ። ክረምቱን ሙሉ እዚያው የከረመ፣ እርጥበት የጠገበ። ነገርኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እስከ ምሳ በይዶ ጨረሰው። አበያየዱ ያምራል፣ እጁ አይታማም። ዘንጉን በሰንሰለት አንጠልጥሎ በርሜሉ ውስጥ ለቀቀው። ጭሽሽሽ...

ከዚያ አንድ ትንሽ ድምፅ። ቲክ።

«ሰማህ?»

«ምኑን?»

«ቲክ ሲል።»

«አይጥ ነው» አለኝ።

በርሜል ውስጥ አይጥ!

ኅዳር 19

ስልኩ ሲጮህ የብየዳ ማስክ አድርጌ ነበር። እጅጉ አነሳው። የእማማ አልጣሽ ድምፅ ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ደረሰ። እስክሩው ተሰብሯል። ኑግ ተሞልቶ እየዞረ ሳለ ለሁለት ሄደ። ክንፈሚካኤልን፣ መጭመቂያው ላይ የሚሠራላቸውን ሰውየ፣ የተገነጠለ ጥርስ ተፈናጥሮ ክንዱን መትቶታል። እግዜር አተረፈው፣ አጥንቱ ደህና ነው።

እጅጉ ያዳምጣል። ላቡን ይጠርጋል። ከዚያ እንዲህ አለ፣ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት፦

«እማማ፣ እኔ እኮ አይደለሁም የበየድኩት። ወይኒቱ ናት። እጇን ታፍታታ ብየ ሰጥቻት...»

ማስኩን ቀና አደረግኩ። አየኝ። ዓይኑን ወደ በርሜሉ አዞረ።

እኔ ምን አልኩ? ምንም። ለምን? አሁን ስጽፈው ደሜ ይፈላል፤ ያኔ ግን ምላሴ ተሳሰረ። እሱን ነው የማልረሳው፣ ዝም ማለቴን።

ኅዳር 20

ዛሬ ዝም አላልኩም።

«ለምን?» አልኩት፣ ገና ሱቁን ሳይከፍት።

«ምን ይጎዳሻል?» አለኝ። በእርጋታ! «አንቺ ሴት ነሽ። ገና ጀማሪ ናት ብለው ያልፉሻል። የኔ ስም ከተበላሸ ግን ሁላችንም ጦማችንን ነው የምናድረው።»

ጀማሪ። አባባ ይህን ቤት ሲያቆሙልን «የሁለታችሁ ነው» ብለው ነው። ሰሌዳው ላይ ግን እጅጉ ብቻ ተጻፈ። ይሁን ብዬ ነበር፤ የሚበይደው ሰሌዳው አይደለም ብዬ። አሁን ሰሌዳው ላይ ያልነበረው ስሜ ብረት ሲሰበር ተጠራ!

«ደውልና እውነቱን ንገራቸው» አልኩት።

«አልደውልም።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ማን ያምንሻል?»

እናያለን ማን እንደሚያምነኝ።

ሽንኩርት ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ከኋላዬ አንዷ ለሌላዋ፦ «ያች የቀጥቃጩ ልጅ ናት። እሷ የነካችው ብረት እኮ...» ዞርኩ። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ «አዎ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። ማጭዳችሁን ማን የሠራላችሁ መሰላችሁ?» አልኳቸው። ሽንኩርቱን ሳልገዛ መጣሁ። ያለ ሽንኩርት የተሠራ ወጥ በላሁ። አይቆጨኝም። ወጡ ግን አይበላም ነበር።

ኅዳር 21

ጽዮን። ሥራ የለም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለመምህር ቴዎፍሎስ ደወልኩላቸው፣ ኮሌጅ ብየዳ ላስተማሩኝ።

«ፋይል ያንሸራትታል?» አሉኝ።

«ያንሸራትታል።»

«ማግኔትስ ይይዘዋል?»

«ይይዘዋል።»

«በቃ፣ ክሮም የገባበት ቅይጥ ብረት መሆን አለበት። ቀዝቅዞ ሳለ ከበየድሽው ከብየዳው ሥር ያለው ክፍል ድንገት ይቀዘቅዝና እንደ ብርጭቆ ይሆናል። ውሃ ሲጨመርበትማ...»

ደስ አለኝ። ትክክል ነበርኩ! ቆይቶ ደግሞ አፈርኩ። ሰው ክንዱን ተመትቶ እኔ ደስ ይለኛል?

የሙቀት መለኪያውን ያውሱኝ ብዬ ለመንኳቸው። ከተበላሸ ቆይቷል አሉ። «እውነቱን ልንገርሽ ወይኒቱ፣ ይህን ነገር አስተምሬዋለሁ እንጂ በእጄ ሠርቼው አላውቅም። መለኪያ ከሌለሽ በቀለሙ ነው የምታውቂው። የብረት ቀለም የሚያውቅ ሰው ፈልጊ።» ሊዘጉ ሲሉ ደግሞ «ከላይ ያለው ጠንካራው ንብርብር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ቢያወጣ አትደንግጪ። የሚያስፈራው ከሥር ያለው ነው» አሉኝ።

የብረት ቀለም የሚያውቅ ሰው... አንድ ሰው ነው የማውቀው።

ግን መጀመሪያ ቡሬ።

ኅዳር 22

ቡሬ ደርሼ መጣሁ። ማስኬን በፌስታል ይዤ ነው የሄድኩት። ለምን ያዝኩት? እንጃ። ባዶ እጄን መግባት አልፈለግኩም።

እማማ አልጣሽ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። ከኋላቸው የኑግ ኩንታል እስከ ጣራው። ሰላምታዬን በግማሹ ነው የተቀበሉት።

«ምን ልትሰብሪ መጣሽ ደግሞ?»

«እማማ፣ ያን እኔ አልበየድኩትም።»

«እሱ አንች ነሽ ይላል፣ አንች እሱ ነው ትያለሽ። እኔ የማውቀው ሁለታችሁም ከአንድ ቤት እንደወጣችሁ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ምን ልበል? ስብርባሪውን ያሳዩኝ አልኩ። ላምባ አስመጣሁ። ያልተሰበረውን ጥርስ ሥሩን በላምባ አራስኩት፣ ጠረግኩት፣ ጠመኔ ፈጭቼ ነሰነስኩበት። ትንሽ ቆየና ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ላምባ ነጩ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ብቅ አለ። ጥርሱ ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበትን ዙሪያውን ይዞ።

ክንፈሚካኤል ክንዱን እንደጠቀለለ ጎንበስ ብሎ አየ። «ይኸ ሁሉ ውስጡ ነበር?» አለ።

«ይኼ ሳይሰበር ነው የተሰነጠቀው። እዚህ ሳይመጣ። ውሃ ውስጥ ሲገባ ሰምቼዋለሁ» አልኩ።

እማማ አልጣሽ መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት። ጓዳቸው ውስጥ ከዚህ በፊት የነበረው አሮጌ እስክሩ አለ፣ ጥርሱ ያለቀ፣ ዘንጉ ደህና። አየሁት። አዲስ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጾሙ ያልቃል፤ መንገዱም አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ ነው።

«ይህን እዚሁ ግቢዎ ውስጥ እበይድልዎታለሁ። በራሴ መንገድ። ማንም አያስቸኩለኝም፣ ማንም ውሃ አያስጠጋብኝም» አልኩ። «ከተሰበረ ሁለተኛ ማስክ አላደርግም።»

«ማስክሽ ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። ግን ሳቅ ሲሉ አይቻለሁ። «ቢሰበር ይኸን ሁሉ ኑግ ተሸክመሽ ነው የምትሄጅ!»

እሺ አልኩ። አሁን እያሰብኩት ነው... ከሠራሁት ውስጥ አንዱ እንኳን እንደዚህ ያለ ብረት አይደለም። ቢሰበርስ? ከብየዳ ውጭ የማውቀው ነገር የለም። ማስኩን ትቼ ምን እሆናለሁ?

አፌ ነው የሚያስገባኝ ሁልጊዜ። ግን አልመልሰውም።

ኅዳር 23

ማንኩሳ ወርጄ አባባ ጋ ሄድኩ። ከመኪና መንገዱ ያለው እርምጃ አድክሞኛል፣ እግሬ አሁንም ይጠዘጥዘኛል።

ዓይናቸው ደክሟል። በድምፄ ነው የለዩኝ።

«እጅጉ ላከሽ?»

«አልላከኝም አባባ። ወናፍዎን ፈልጌ ነው።»

«ሰምቻለሁ» አሉ። ገበያ ነግሯቸዋል።  «እሱ ነው የበየደው?»

«እሱ ነው።»

 ልጃቸው ነው፣ ምን ይበሉ? ስለ በርሜሉ ነገርኳቸው፣ ያገኘውን ሁሉ እንደሚነክር፣ «አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርገው» እንደሚል። ቀና አሉ።

«ውሃውን ብቻ ያዘ?»

«እንዴት ውሃውን ብቻ?»

«እንዴ! እኔ ማረሻ ውሃ አጠጥቸ እዚያው እተወዋለሁ እንዴ? በመጀመሪያው ድንጋይ ይሰበራላ! አንድ ጎኑን አሸዋ ላይ ፈትጌ አበራዋለሁ። መልሸ እሳት ዳር አኖረዋለሁ። የበራው ቦታ የጤፍ ገለባ ሲመስል አነሳዋለሁ። ወይን ጠጅ ከመሰለ አልፎበታል።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እጅጉ ጭሽ ሲል ይስቅና ወዲያው ይሮጥ ነበር። የቀረውን መቸ አየና!»

እውነት ነው። ትዝ አለኝ። እሱ ሲሮጥ፣ እኔ ወናፉ ላይ። እጄ እስኪዝል። ያኔ አሁን በቃ ሲሉኝ ነበር የምቆመው፤ ለምን በቃ እንደሚሉ ግን አልጠየቅኩም። ለካ ገለባውን እያዩ ነበር።

ወናፉን ራሳቸው ከጣራው ሥር አወረዱት። ቆዳው ደርቋል። ቅቤ ቀቡት። ስወጣ ተከትለውኝ እስከ አጥሩ መጡ።

«ወንድምሽን አታዋርጅው» አሉኝ።

«እሱ አዋርዶኛል አባባ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «አንችም እንደሱ እንዳትሆኝ ነው።»

ወናፉን ትከሻዬ ላይ አስተካክዬ መንገዴን ጀመርኩ። ቃል የምገባበት ቀን አይደለም ዛሬ።

ኅዳር 25

ቡሬ። እማማ አልጣሽ ዘመዳቸው ቤት ማደሪያ ሰጥተውኛል። የብየዳ ማሽን ተከራየሁ፣ ኤሌክትሮድ ገዛሁ።

ኤሌክትሮዱ መድረቅ አለበት፤ እርጥበት ካለው ስንጥቁን ራሱ ይዞ ይመጣል። ማድረቂያ የለኝም። ምን አለ ቡሬ ውስጥ የሚግል? የእንቁ ዳቦ ቤት። ገብቼ እንቁን ለመንኳት።

«ምን? ብረት ልትጋግሪ?» አለችኝ፣ እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት።

«ዳቦሽ ሲወጣ ምድጃው ውስጥ አስገቢልኝ፣ ሌላ ምንም አልልሽም።»

«ዳቦዬ ብረት ብረት ካለ አንችን ነው ቆርሼ የምሸጠው!»

አስገባችልኝ። የምድጃዋን አመድም ሰጠችኝ፣ በማዳበሪያ ሙሉ፣ ደረቅ፣ እንደ ዱቄት የላመ። ደንበኞቿ «ይህችስ ምን ገዝታ ነው?» እያሉ ሲያዩኝ አመዴን ተሸክሜ ወጣሁ።

እጅጉ ደወለ።

«የት ነሽ?»

«ሥራ ላይ።»

«የማን ሥራ?»

«የኔ።» ዘጋሁት።

ኅዳር 26

እጄ ተቃጥሏል፣ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስላል፣ ግን ይህን ሳልጽፍ አልተኛም።

ግቢው ውስጥ ቦይ ቆፈርኩ፣ ዘንጉን የሚያህል። ከሰል ሞላሁበት። ዘንጉን ከላይ አጋደምኩት፣ ቆርቆሮ ከደንኩት። የዘንጉን አንድ ጎን በአሸዋ ወረቀት ፈትጌ እንደ መስታወት አብርቼዋለሁ። ወናፉን ያዝኩ። ቀስ እያልኩ እነፋለሁ፣ ዘንጉን አገላብጣለሁ፣ አያለሁ። ነጭ ነው። አሁንም ነጭ። ሰው ተሰበሰበ። «ምን እየጠበሰች ነው?» ይባባላሉ። ይበሉ!

ከዚያ መጣ። መጀመሪያ ከዳር፣ ቀስ ብሎ። ፈዛዛ ቢጫ... ገለባ። ልክ አውድማ ላይ እንደተበተነ የጤፍ ገለባ።  ማስኬን አወረድኩ።

መጀመሪያ ለስላሳውን ኤሌክትሮድ አነጠፍኩ፣ ከሥሩ እንዲይዝ። ጠንካራው ከእሱ በላይ። አጭር አጭር፣ አንዴ እዚህ፣ አንዴ በዚያኛው ጫፍ፣ ዘንጉ እንዳይጣመም። በመሃል እያቆምኩ ቀለሙን አያለሁ። ወደ ወይን ጠጅ ሲያዘነብል አርፋለሁ፤ ገለባነቱ ሲለቅ ከሰል እጨምራለሁ።

ግማሹን እንዳለፍኩ መብራት ጠፋ።

ምን እንደተሰማኝ በምን ቃል ልጻፈው? አሁን ከቀዘቀዘ አለቀልኝ፤ የበየድኩት ግማሽ ይሰነጠቃል። ማሽኑ ሞቷል። አንዱ ከሰው መሃል «በቃ ነገ ትጨርሻለሽ» አለ። እምቢ! ነገ የሚባል ነገር የለም። ወናፉን ያዝኩና እነፋ ጀመር። ክንዴ ዛለ። ቀና ስል እማማ አልጣሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው አጠገቤ ቆመዋል።

«ወዲያ በይልኝ፣ አንች ቀለምሽን ተመልከች» አሉኝ።

ነፉ። ያን የሚያህል ኑግ የሚያስጨምቁ ሴትዮ፣ ጉልበታቸውን መሬት ላይ ተክለው ነፉ። ሲደክማቸው ክንፈሚካኤል በደህናው እጁ ተቀበላቸው። ተራ በተራ። እኔ «ቀስ! በዛ! አሁን ጨምር!» እያልኩ እጮሃለሁ። ታላላቆቼን! ማንም አልተቆጣኝም።

ክንፈሚካኤል ተነስቶ ሄደ። ሲመለስ በጆግ ውሃ ይዟል። ከብረቱ በላይ ሲያዘነብለው አየሁት...

«ውሃ አታስጠጋ!!»

ጩኸቴ የቡሬን ሰው ሁሉ ሳያስደነግጥ አልቀረም። ሰውየው ጆጉን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። «ኧረ ፍሙ አመዱን እንዳያቦን ዳሩን ላርሰው ብየ ነው እቴ... ልታጠጭው ነው ብየማ አላሰብኩም» አለ። ከዚያ ራሱ ሳቀ። እማማ አልጣሽም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፣ ጆጉን ከእጁ ነጠቅኩት። ውሃውን ጠጣሁት።

መብራት ሲመጣ ብረቱ አሁንም ገለባ ነበር። ገለባ! ጨረስኩት። ወዲያው አላነሳሁትም፣ ፍሙ ላይ እኩል እንዲሞቅ አቆየሁት። ከዚያ የእንቁን አመድ ከሥር አንጥፌ፣ ዘንጉን አስተኝቼ፣ ከላይም ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ቀበርኩት።

«መቼ ይወጣል?» አሉ እማማ።

«ሲፈቅድ።»

ኅዳር 27

አመዱን በእጄ ነካሁ። ሙቅ ነው። ሁሉም «አውጭው» ይለኛል። እምቢ።

ኅዳር 28

ዛሬ አመዱ ቀዘቀዘ። አወጣሁት። ጠረግኩት።

«ተሰንጥቋል!» አለ ክንፈሚካኤል።

እውነቱን ነው። ጠንካራው ንብርብር ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች፣ እዚህም እዚያም፣ ፀጉር የመሰሉ። መምህር ቴዎፍሎስ አትደንግጪ ብለውኝ ነበር። ደነገጥኩ። እሳቸውም በእጃቸው አልሠሩትም እኮ! ከመጽሐፍ ነው ያወቁት። መጽሐፉ ቢሳሳትስ? የእማማን ፊት ላለማየት ጎንበስ አልኩ።

«ላምባ» አልኩ። 

ሥር ሥሩን አራስኩ። ጠረግኩ። ጠመኔውን ነሰነስኩ። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ያን ጊዜ ስንት ነገር አሰብኩ... እጅጉን፣ ሰሌዳውን፣ የገበያዎቹን ሴቶች። ከላይ ያሉት ፀጉሮች ጠቆሩ። ከሥር ግን፣ ጥርሱ ከዘንጉ በሚገናኝበት፣ ነጭ። ዞሬ አየሁ፣ ነጭ። ዘንጉን አገላበጥኩት። ነጭ!

«ከላይ ያለው ይሰነጠቃል፣ ጠንካራ ስለሆነ ነው። የሚሰብረው ከሥር ያለው ነው፣ እሱ ደግሞ የለም» አልኩ። አፌን ሞልቼ።

ገጠሙት። ሞተሩን አስነሱት። ኑግ ተሞላ። ሁሉም ሰው ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ከተሰበረ መጀመሪያ እኔን ያግኘኝ ብዬ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ።

ዘይቱ መጣ። ፋጉሎው በሌላ በኩል ወጣ። አንድ ቁራጭ አንስቼ በጣቴ ጨመቅኩት። ፍርክስክስ አለ፣ ደረቅ። ጣቴ ላይ ዘይት የለም።

እማማ አልጣሽ ቁራጩን ከእጄ ተቀበሉ፣ እሳቸውም ጨመቁት። «ትንሽ እንየው» አሉ ብቻ። ይሁን፣ ይዩት።

ታኅሣሥ 2

ይዞራል።

ታኅሣሥ 9

አሁንም ይዞራል። ክንፈሚካኤል አጠገቡ ቆሞ ነው የሚሠራው፣ ፈቀቅ አይልም።

እማማ አልጣሽ የድሮውን የፋጉሎ መጋዘን ከፍተው አሳዩኝ። ጣራው ያፈሳል፣ ግድግዳው ኑግ ኑግ ይላል። «እዚህ ግቢና ሥሪ» አሉኝ። «ፍኖተ ሰላም ተመልሰሽ በርሜል ስታይ ልትኖሪ ነው?»

ገባሁ። ደጃፉ ላይ በቀለም ጻፍኩ፦ ወይኒቱ ገደፋው ብየዳ። ቀለሙ ወረደ፣ «ብየዳ» የሚለው እንባ ያፈሰሰ ይመስላል። አልደግመውም። ይነበባል።

ከሰዓት አንድ ሰውየ የጋሪ አክስል ይዞ መጣ። ወደ ውስጥ አየ፣ ወደ ውጭ አየ።

«በያጁ የለም?»

«አለሁ።»

ትንሽ አሰበና አክስሉን ይዞ ሄደ። ይሂድ። ሌላ ቦታ ሲሰበርበት ይመጣል። ባይመጣም አልሞትም... ትንሽ ግን ከፋኝ። ትንሽ አይደለም።

ታኅሣሥ 13

እጅጉ ደወለ።

«ተመለሽ በቃ። ሥራ በዝቶብኛል።»

«ለእማማ አልጣሽ ነገርካቸው?»

«እስክሩው እየሠራ አይደለም እንዴ? አሁን ምን ያስቆፍራል?»

«ነገርካቸው ወይ ነው ያልኩህ።»

ወደ ሥራው ተመለሰ። መዶሻ ሲመታ ይሰማኛል፣ የድሮ ሱቃችን ድምፅ።  ናፍቄዋለሁ፣ ይህን ለራሴ ብቻ ነው የምናገረው። ከዚያ ጭሽሽሽ አለ በስልኩ ውስጥ።

ዘጋሁት።

ታኅሣሥ 20

ትናንት ገብርኤል ነበር፣ ዛሬ ገና ከሰሌን ሳላቀጣጥል ባጃጅ ደጃፌ ቆመ። እጅጉ ወረደ። በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አቅፏል። ከስቷል? ወይስ ቀድሞም እንደዚያ ነበር?

ሰላም አልተባባልንም። ጆንያውን ከፈተው። የኑግ እስክሩ፣ ጥርሱ ያለቀ።

«ደንበጫ ያለ ገብረሰንበት የሚባል ሰውየ ነው ያመጣው» አለ። ደጃፉ ላይ የወረደውን ቀለም ያነባል፣ እኔን አያይም። «የቡሬውን የበየደው ይበይድልኝ አለኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ... አመጣሁታ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ምንም አላስነካሁትም። ውሃም።»

እዚያ ላይ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ወይ እንባዬ። አላሳየሁትም። አባባ ያሉኝ ትዝ አለኝ፣ አታዋርጅው። አላዋርደውም። ግን ደግሞ በነጻ አልለቀውም! ስሜን እዚያ ቤት ነው የጣለው፣ ከዚያው ቤት ያንሳው።

«እማማ አልጣሽ ውስጥ ናቸው» አልኩት። «መጀመሪያ እሳቸው ጋ ግባ። ክንፈሚካኤልም አለ።»

ቆመ። ባጃጁ ሄደ። መጭመቂያው ከወዲያ ይጮሃል። የጆንያውን ጫፍ እየጠቀለለ እየፈታ... ይመለሳል ብዬ አሰብኩ፣ እስክሩውን ተሸክሞ ፍኖተ ሰላም የሚመለስ መስሎኝ ነበር። ግን ወደ ውስጥ ገባ።

አልተከተልኩትም። ጆሮዬን ግን ማን ይከለክለኛል? ከሞተሩ ድምፅ በላይ የእማማ ድምፅ ብቻ ነው የተሰማኝ፦ «ታዲያ ያኔውኑ ብትለኝ ምን ነበረ! ልጅቱ ስንት አየች!» የእሱ አልተሰማም። ቆየ። ከሰሉን አቀጣጠልኩ፣ እስክሩውን ቦዩ ላይ አጋደምኩት፣ ጎኑን ፈትጌ አበራሁት።

ሲወጣ ፊቱ ቀልቷል። ክንፈሚካኤል ደጃፉ ድረስ ሸኝቶት ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ በዚያው በተመታው እጁ።

እጅጉ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ወናፉን አየው። አወቀው፣ የአባባ ነው። ጎንበስ ብሎ ቆዳውን ዳሰሰ። ማንም ሳይለው መሬት ላይ ቁጭ አለና ያዘው። ያኔ ይሮጥ የነበረው ልጅ።

«እስከ መቼ ነው የምነፋው?» አለኝ።

ማስኬን አወረድኩ።

«በቃ እስክልህ።»